ጥርስ ካስነቀሉ በኋላ ቅርንፉድ፣ ጦስኝ፣ ከርቤ፦ የቱ መቼ ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ «ማክሰኞ ጠዋት የታችኛውን ቀኝ የመጨረሻ መንጋጋ ጥርሴን አስነቀልኩ። ዛሬ ሐሙስ ነው። ሕመሙ ከትናንቱ ቀለል ብሏል፤ ግን በመስታወት ሳየው ጉድጓዱ ላይ ነጭ ነገር ተጋግሯል። እናቴ ቅርንፉድ ወቅጣ ጉድጓዱ ውስጥ ልታደርግልኝ ትፈልጋለች። ጎረቤታችን ደግሞ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት አንድ ላይ ቢወቀጥ ቁስሉን ያደርቀዋል ትላለች። የ7 ወር ልጅ ስለማጠባ ኪኒን ማብዛት አልፈልግም። ከዕፅዋት የቱን ልጠቀም? እንዴትስ ላዘጋጀው?»

ምላሽ፦

እንኳን ቀለል አለልዎ። በመጀመሪያ ያሳሰበዎትን ነጭ ነገር እንየው። በገለጹት ሁኔታ መግል አይመስልም። ጥርስ ሲወጣ ጉድጓዱ በደም ይሞላና ደሙ በደቂቃዎች ውስጥ መርጋት ይጀምራል። በ2ኛውና በ3ኛው ቀን የረጋው ደም በላዩ ነጣ ያለ ወይም ወደ ቢጫ የሚያደላ ስስ ሽፋን ያበጃል። ሽፋኑ በአብዛኛው ፋይብሪን የተባለው ደምን የሚያረጋ ፕሮቲን ነው፤ ከሥሩ አዲስ ሥጋ እየበቀለ ነው ማለት ነው። ፋይብሪን ከቦታው የተጣበቀ ነው፣ በውሃ አይሄድም፣ አይሸትም፣ ሕመምም አያባብስም። የምግብ ቅሪት ከሆነ በቀስታ ሲጉመጠመጡ ይለቃል። መግል ግን ይፈስሳል፣ አፍን ያመርራል፣ ከእብጠትና እየጨመረ ከሚሄድ ሕመም ጋር ይመጣል። የእርስዎ ሕመም እየቀነሰ ስለሆነ በጥጥም ሆነ በስንጥር ሊያነሱት አይሞክሩ።

የሚከተለው ሁሉ የሚያርፈው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ለጉድጓዱ ከማንኛውም ቅጠልና ቅመም የሚበልጠው መድኃኒት እዚያው የረጋው ደም ነው። አጥንቱንና የነርቭ ጫፎቹን ሸፍኖ ይይዛል፣ አዲስ የደም ሥርና ሥጋ የሚገነባውም በእርሱ ላይ ነው። ስለዚህ ዕፅዋት የሚያግዙት በዙሪያው ሲሆኑ ነው፤ ተጣርተው ለመጉመጥመጫ፣ ወይም ተፈልተው ለመጠጥ። ጉድጓዱ ውስጥ ግን ዱቄትም፣ ቅጠልም፣ የተወቀጠ ነገርም አይገባም። ሐኪም በእጁ ካልሞላው በቀር ይህ ደንብ ለየትኛውም ተክል አይላላም።

ጎረቤትዎ «ያደርቀዋል» ያሉት ከክፉ አሳብ አይደለም፤ እግር ላይ ወይም እጅ ላይ ያለ ቁስል ቅርፊት ሲይዝ ስለምናይ መድረቅን ከመዳን ጋር እናያይዘዋለን። የአፍ ቁስል ግን እርጥብ ሆኖ ነው የሚሽረው። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ በብዛት የሚያጋጥመው ችግር ሐኪሞች «ድራይ ሶኬት» የሚሉት ነው፤ የረጋው ደም ሳይበስል ወድቆ ወይም ሟሙቶ አጥንቱ ባዶውን የሚቀርበት ሁኔታ። ብዙውን ጊዜ ከተነቀለ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል። በሁሉም ዓይነት ጥርስ ሲታሰብ ከ100 ሰዎች ከ2 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ይደርሳል፤ በታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ላይ ግን ከዚህ እጅግ ከፍ ይላል፣ በአንዳንድ ጥናቶች ከ4 ሰው በ1ዱ ላይ እስከመድረስ። እርስዎ ያስነቀሉት ይኸው ጥርስ ነው፤ ዛሬም ሐሙስ በመሆኑ እስከ ቅዳሜና እሑድ ያለው ጊዜ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው።

አሁን ወደ እናትዎ ቅርንፉድ። እናትዎ መሠረት የሌለው ነገር አልተናገሩም። ከቅርንፉድ ዘይት ውስጥ ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ዩጂኖል ነው፤ ነርቭን ያደነዝዛል፣ ተሕዋስያንንም ያዳክማል። የጥርስ ሐኪሞችም ድራይ ሶኬት ያጋጠመውን ሰው ሲያክሙ ዩጂኖል ያለበት ማሸጊያ ይጠቀማሉ። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ሐኪሙ የሚጠቀመው የረጋው ደም ቀድሞ ጠፍቶ ባዶ በቀረ ጉድጓድ ላይ ነው፤ መጠኑን ያውቀዋል፣ ጉድጓዱን አጥቦ ያስቀምጠዋል፣ እንደ ማሸጊያው ዓይነትም በቀናት ውስጥ ይቀይረዋል ወይም ያወጣዋል። የእርስዎ ደም ግን በቦታው አለ። በላዩ የቅርንፉድ ዱቄት ሲታጨቅ፣ አንደኛ በጣት ሲጫኑት ደሙ ይነቀላል። ሁለተኛ የቅርንፉድ ዱቄት እንደ እንጨት ነው፣ አይሟሟም፤ ስብርባሪው ውስጥ ቀርቶ ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር ይዋጋዋል። ሦስተኛ ዩጂኖል ሲበዛ አዲስ የሚበቅለውን ሥጋ ያቃጥላል፤ ቦታውን ስለሚያደነዝዘው ደግሞ ሲያቃጥል አይሰማዎትም። በጠርሙስ የሚሸጠው ንጹሕ የቅርንፉድ ዘይት ከዱቄቱ ይብሳል። ሕፃን ልጅ ቤት ስላለዎት ዘይቱን ፈጽሞ በልጅ እጅ በሚደርስ ቦታ አያስቀምጡ፤ ትንሽ ልጅ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል እንኳ ቢውጥ ራስን እስከመሳትና ጉበትን እስከመጉዳት ሊያደርሰው ይችላል።

የእናትዎን ቅርንፉድ ሳይጥሉ የሚጠቀሙበት መንገድ አለ። 5 ወይም 6 ፍሬ ቅርንፉድ ሳይወቀጥ በ250 ሚሊ ሊትር (በአንድ መካከለኛ የውሃ ብርጭቆ) የፈላ ውሃ ላይ ጨምረው ይክደኑት። 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ወይም በጎዝ ያጥሩት፤ የሻይ ማጥለያው ብቻውን አይበቃም፣ የቅርንፉዱ ራስ ላይ ያሉት ትንንሽ ፍርፋሪዎች ያልፋሉ። ለብ እስኪል ይጠብቁ። በቀን 2 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ በጨው ውሃ ከታጠቡ በኋላ ይያዙት። ውሃው ከዘይቱ ጥቂቱን ብቻ ስለሚወስድ አያቃጥልም፤ ካቃጠለ ቀይጠው ያቅጥኑት ወይም ይተዉት።

ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ግን በየትኛውም መልክ አይሆኑም። ፌጦ ከሰናፍጭ ወገን ነው፤ ሲወቀጥና ውሃ ሲነካው እንደ ሰናፍጭ የሚፈጅ ዘይት ይለቃል፣ ቆዳ ላይ ሲቆይ እንኳ ውሃ ያስቋጥራል። የቀረው ፍሬ ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ልጋግ ሆኖ ጉድጓዱ ውስጥ ይጣበቃል፤ ከዚያ ለማውጣት ሲሞከር የረጋው ደም አብሮ ይነሳል። ጥሬ ነጭ ሽንኩርትም ሲወቀጥ የሚለቀው አሊሲን የአፍን ስስ ቆዳ ያቃጥላል። የጥርስ ክሊኒኮች ነጭ ሽንኩርት ታቅፎ በተደረበት ጉንጭና ድድ ላይ ነጭ ሆኖ የሞተ ሥጋ ማየታቸው የተለመደ ነው። በዚህ ላይ ነጭ ሽንኩርት ደም እንዳይረጋ የማድረግ ጠባይ አለው። ወጥ ውስጥ የበሰለው አይጎዳዎትም።

ከዕፅዋቱ በፊት የሚቀድመው የጨው ውሃ ነው፤ ተክል ባይሆንም ሁሉም በእርሱ ላይ ይጨመራል እንጂ እርሱን አይተካም። ፈልቶ ለብ ባለ 250 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ (3 ግራም ገደማ) የገበታ ጨው። ከዚህ በላይ ሲሆን ቁስሉን ይቆጠቁጣል፤ «ብዙ ጨው ብዙ ያጸዳል» የሚለው አይሠራም። ከተነቀለ በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት በምንም ነገር መጉመጥመጥ አይገባም ነበር፤ እርስዎ ይህን ጊዜ አልፈዋል፣ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላና ከመኝታ በፊት፣ በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ፣ ቢያንስ ለ1 ሳምንት ይጠቀሙ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአደራረጉ ነው። አንድ ጉንጭ ሙሉ አይያዙ፣ ግማሹ ይበቃል። ራስዎን ወደ ቀኝ ያዘንብሉ፤ ፈሳሹ በጉድጓዱ ላይ ይረፍ። ጉንጭዎን ሳያንቀሳቅሱ 30 ሰከንድ ያህል ይቆዩ፣ ወደ ግራ ያዘንብሉ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው አፍዎን ይክፈቱና ፈሳሹ ራሱ ይውረድ። «እንትፍ» አይበሉ። ሲተፉ፣ በስትሮ ሲጠጡ ወይም ምራቅ ሲመጥጡ አፍ ውስጥ የሚፈጠረው ስበት ነው ደሙን ከጉድጓዱ የሚነቅለው። የጦስኝም የቅርንፉድም ውሃ በዚሁ መንገድ ነው የሚያዘው።

እኔ ከአገራችን ዕፅዋት ለዚህ ሥራ አስቀድሜ የምመርጠው ጦስኝ ነው። በደጋው አገር የሚበቅለው ይህ ተክል ታይሞል የሚባል ቅመም አለው፤ ታይሞል በፋብሪካ በሚሠሩ የታወቁ የአፍ መጉመጥመጫዎች ውስጥም የሚገባ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ የደረቀ ጦስኝ በ250 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ላይ ይነስንሱና ክዳኑን ይግጠሙ፤ ሳይከደን ከቀረ ጥቅሙ ያለበት ሽታ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። እሳት ላይ አያንተክትኩት፣ ከወረደ በኋላ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። በጨርቅ አጥርተው፣ ለብ ሲል በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ይያዙ። ስኳር አይጨመርበትም። የተረፈው በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋ፤ ቤት ውስጥ ውሎ ያደረ የቅጠል ውሃ ተሕዋስያን ማራቢያ ነው። ከገበያ የሚገዛው ጦስኝ አፈርና ገለባ ስለሚኖረው ከመዘፍዘፉ በፊት በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። ጦስኝና ቅርንፉድን ባንድ ቀን ማፈራረቅ ይቻላል፣ በአንድ ብርጭቆ መደባለቅ ግን ጥቅም አይጨምርም።

ሻይ ቅጠል ሌላ ሥራ አለው። ጥቁር ሻይ ያለው ታኒን የሚኮማትር ነገር ነው፤ ስስ የደም ሥሮችን ያጨማድዳል፣ የሚንጠባጠብ ደምንም ለማቆም ይረዳል። እርስዎ ዛሬ ላያስፈልግዎት ይችላል፤ ነገር ግን ምራቅዎ ውስጥ ደም እንደገና ከመጣ አንድ የሻይ ከረጢት በፈላ ውሃ ነክረው ያውጡ፣ ይቀዝቅዝ፣ ውሃውን ጨምቀው በንጹሕ ጎዝ ይጠቅልሉት፣ በጉድጓዱ ላይ አስቀምጠው ሳያላምጡና ሳያወሩ ለ30 ደቂቃ ይንከሱት። ከረጢት ከሌለ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅጠል በጎዝ ሁለት ሦስቴ ተጠቅልሎ ይሆናል፤ ብትን ቅጠሉ ግን እንዳይወጣ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጎዙ ደረቅ ሆኖ አይቀመጥ፣ ሲያነሱት ደሙን ይዞ ይነሳል። ካሞሚል ወይም ሌላ የአበባ ሻይ ይህን ያህል ታኒን ስለሌለው ለዚህ አይተካም። ምራቅን ሮዝ የሚያደርግ ትንሽ ደም በመጀመሪያው ቀን የተለመደ ነው፤ አፍ የሚሞላ ቀይ ደም ግን በሻይ የሚመለስ አይደለም፣ ከዚህ በታች እመለስበታለሁ።

ከርቤ ለአፍ ቁስል ሲያገለግል የኖረ ሙጫ ነው፣ ዝናውም ያለ ምክንያት አይደለም። ችግሩ ሰው በቤቱ የሚያዘጋጅበት መንገድ ነው። ከገበያ የተገዛው ከርቤ የዛፍ ቅርፊትና አሸዋ አለበት፤ ሙጫው ደግሞ በውሃ ውስጥ በከፊል ብቻ ነው የሚሟሟው፣ ስለዚህ ሌሊቱን ዘፍዝፈው የሚያገኙት ድፍርስ ውሃ ከግርጌው ያልሟሟ ቅንጣት ይይዛል። በአውሮፓ የዕፅዋት ሕክምና የተለመደው በአልኮል የወጣ ቲንክቸር ነው፤ 5 እስከ 10 ጠብታ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ለመጉመጥመጥ። ይህን ያገኘ ሰው ከ3ኛው ቀን በኋላ ሊጠቀም ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ከርቤ መዋጥ የለባትም፤ ማሕፀንን ያነቃቃል። እርስዎም ስለሚያጠቡ ከርቤውን ትተው በጦስኙ ቢቆዩ የተሻለ ነው፤ አንድ ሥራ ለመሥራት ሁለት ነገር አያስፈልግም።

እሬት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስሙ አንድ ቢሆንም ነገሩ ብዙ ነው። በመጀመሪያ ከቅጠሉ ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች ይወጣሉ። ከቅርፊቱ ሥር የሚንጠባጠበው ቢጫና መራራ ወተት ጠንካራ የሆድ ማስኬጃ ነው፤ ወደ ጡት ወተት አልፎ ሕፃኑንም ሊያስቀምጠው ይችላል። መሐሉ ያለው ጠራ ያለ ልጋግ ግን ቁስል ያለሰልሳል፤ ከዚህ ልጋግ በፋብሪካ ንጹሕ ተደርጎ የተሠራ ጄል ድራይ ሶኬትን እንደሚቀንስ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ሁለተኛው ጉዳይ ጥናቶቹ የተሠሩት በአብዛኛው በመድኃኒትና በቅባት ፋብሪካ በሚታወቀው በአንዱ የእሬት ዓይነት (አሎ ቬራ) ላይ መሆኑ ነው። በአገራችን ሜዳና ገደል ላይ የሚበቅሉት የእሬት ዓይነቶች ብዙ ናቸው፤ አንዱ የሠራው ሌላው ይሠራል ማለት አይቻልም። ስለዚህ ከግቢ የተቆረጠ እሬት ጉድጓድ ውስጥ አይግባ። የታወቀው ዓይነት በማሰሮ ካለዎት ግን ጥርስ ሲነቀል ከንፈርን ሲለጥጡት የሚሰነጠቀውን የአፍ ጥግ ለማለስለስ ይጠቅማል፦ ቅጠሉን ቆርጠው ተቆራጩን ወደ ታች አድርገው ለ15 ደቂቃ ያቁሙት፣ ቢጫው ይንጠብጠብ፣ ከዚያ ልጠው ልጋጉን በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው ከንፈር ላይ ይቀቡ። ሕፃኑን ከመሳምዎ በፊት ይጥረጉት።

ዝንጅብልና እርድ ከውስጥ ይሠራሉ። ዝንጅብል እብጠትና ሕመምን በመጠኑ የማስታገስ ጠባይ አለው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈቀፈቀ እርጥብ ዝንጅብል በ250 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ 10 ደቂቃ፣ አጥርተው ለብ ሲል በቀን 2 ስኒ ይጠጡ። ለሚያጠባ እናት በዚህ መጠን ምግብ ነው። እርድ በአልጫ ውስጥ ይበሉት፤ ዱቄቱን ድድ ላይ መቀባት ግን ስፌቱንና ድዱን ቢጫ ስለሚያደርገው ሐኪሙ ሲያይዎት መግልና ቀለም እንዳይለይ ያደርገዋል። ዋርፋሪን፣ አስፕሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ዝንጅብልም፣ ነጭ ሽንኩርትም፣ አብሽም ከወጥ መጠን አልፎ እንደ መድኃኒት መውሰድ የለበትም። የታዘዘለትንም መድኃኒት በራሱ አያቁም።

ጤና አዳም ቡና ላይ አንድ ቅርንጫፍ ጣል ማድረግ ሌላ ነው፤ ጨምቆ መጠጣትና ድድ ላይ መያዝ ግን ሌላ። ጭማቂው ቆዳን ያቃጥላል፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ አደገኛ ነው። ዳማከሴ ለምች የሚወደድ ቅጠል ነው፤ ለተነቀለ ጥርስ ግን የሚያግዝበት የታወቀ መንገድ የለም።

አንዳንዱን ግን በግልጽ መከልከል ያስፈልጋል። የቁልቋል ወተት ጥርስ ላይ የሚያንጠባጥቡ አሉ፤ ይህ ወተት ሥጋን ይበላል፣ ዓይን ውስጥ ቢፈናጠር ለማየት እስከማስቸገር ይደርሳል። የአስተናግር (አጤ ፋሪስ) ፍሬ ወይም ቅጠል ጭስ በአፍ መሳብም እንዲሁ፤ አፍ ያደርቃል፣ የዓይን ብሌን ያሰፋል፣ ልብ ያስሮጣል፣ ሰውን ያስቀባጥራል። «የጥርስ ትል ይወድቃል» ተብሎ የሚደረገው የእንቦይ ጭስም ለጉድጓዱ ሙቀትና ጥቀርሻ ብቻ ነው የሚያመጣለት፤ ጥርስ የሚበሰብሰው ተሕዋስያን ከስኳር በሚሠሩት አሲድ ነው፣ ትል የለበትም። ከመሬት የተነቀለ ሥር ማኘክም ሌላ አደጋ አለው። አፈር ውስጥ የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ተሕዋስ ዘር አለ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ደግሞ የሚመቸው ቦታ ነው። አረቄ መያዝ ደሙን ያሟሟዋል እንጂ አያጸዳም።

ኪኒን ማብዛት አለመፈለግዎ ይገባል። ነገር ግን ሁለት ነገር ይለዩ። ፓራሲታሞልና ኢቡፕሮፌን ወደ ጡት ወተት የሚያልፉት እጅግ በትንሹ ነው፤ ለሚያጠቡ እናቶች ከሚመረጡት የሕመም ማስታገሻዎች ሁለቱ ናቸው። ኢቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ከምግብ በኋላ በየ8 ሰዓቱ፣ ፓራሲታሞል ደግሞ 1000 ሚሊ ግራም (500 የሆነውን 2 ፍሬ) በየ8 ሰዓቱ፤ ክብደትዎ ከ50 ኪሎ በታች ከሆነ ፓራሲታሞሉን 500 ያድርጉት። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ለብቻ ከሚያስታግሱት የበለጠ ያስታግሳሉ፣ ከ2 ወይም ከ3 ቀን በላይም አያስፈልጉም። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም ኢቡፕሮፌን ሲወስዱ የሚባባስ አስም ካለብዎት ፓራሲታሞሉ ብቻ ይበቃዎት። አስፕሪን አይውሰዱ፣ ደም ያቀጥናል። ኮዴይንና ትራማዶልን ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2017 (እ.ኤ.አ.) ለሚያጠቡ እናቶች እንዳይሰጡ አስጠንቅቋል፤ ሕፃኑን ከመጠን በላይ ሊያስተኙት፣ ትንፋሹንም ሊያዳክሙት ይችላሉ። ተክልም ቢሆን የሚዋጥ ከሆነ ወደ ወተት ያልፋል፣ መጠኑ ደግሞ እንደ ኪኒኑ በፓኬት ላይ አልተጻፈም። ከቤት ውስጥ የተረፈ አሞክሲሲሊን መጀመር ደግሞ አይገባም፤ ለድራይ ሶኬትም ለፋይብሪንም አይሠራም።

ምግብን በተመለከተ እናቶቻችን ለአራስ የሚሠሩት አጥሚት ለዚህም ተስማሚ ነው፤ ለብ ብሎ፣ በማንኪያ። ሽሮ ፈሰስ በርበሬው ቀንሶ፣ የምስር አልጫ፣ እርጎ፣ አቮካዶ፣ የተፈጨ ድንች፣ በደንብ የራሰ ፍትፍት። በጾም ጊዜ እርጎው ቢቀር አቮካዶና አልጫው ይበቃሉ። ገንፎ የሚበላው ሲሞቅ ነው፣ ችግሩም ይኸው ነው፤ ለብ ካላለ የረጋውን ደም ያሟሟዋል። ተልባ ከወደዱ ከተበጠበጠ በኋላ በጨርቅ ይጣራ፤ የተልባ፣ የሰሊጥና የፌጦ ቅንጣት ጉድጓዱ ውስጥ ከገባ በቀላሉ አይወጣም። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ፈንዲሻ ለ2 ሳምንት ይቆዩ። በግራ በኩል ያኝኩ። ቡናውን ለብ ሲል ይጠጡ። በወይራ መፋቂያ የሚፋቁ ከሆነ ሌሎቹን ጥርሶች ይፋቁ፣ በዚያ ጎን ግን ስንጥሩ እንዳይገባ ለ10 ቀን ይተዉት፤ ለስላሳ ብሩሽ ይሻላል።

ለሌሎች አንባቢዎች፦ ጫት ከዕፅዋት ስለሆነ «ሕመም ያስረሳል» የሚል አለ። የጫት ንጥረ ነገር የደም ሥርን ያጠባል፣ የደም ግፊትን ይጨምራል፣ የተላመጠው ቅጠል ደግሞ ጉንጭ ውስጥ ለሰዓታት ጉድጓዱን ይጫናል። ስለዚህ ቢያንስ 1 ሳምንት ይቆይ። ሲጋራና ሺሻ ቢያንስ 3 ቀን፣ ቢቻል ሳምንቱን ሙሉ፤ ጭሱም ስበቱም ጉዳት አላቸው፣ በሚያጨሱ ሰዎች ላይ ድራይ ሶኬት ከማያጨሱት በጣም ይበዛል።

ሐኪም ቤት የሚያስኬደው የሚከተለው ነው። ቀለል ብሎ የነበረ ሕመም ዓርብ ወይም ቅዳሜ ተመልሶ ከመጣና ወደ ጆሮ ወይም ወደ ራስ ከወጣ፣ አፍዎ ከሸተተ፣ ጉድጓዱ ባዶ ሆኖ ነጣ ያለ ደረቅ አጥንት ከታየ፣ ድራይ ሶኬት ነው። በቅርንፉድ ለመሸፈን አይሞክሩ። የነቀለልዎ ሐኪም በለብ ያለ የጨው ውሃ ያጥበዋል፣ የሚያደነዝዝ ማሸጊያ ያስቀምጥልዎታል፣ ሕመሙም ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይበርዳል፤ ማሸጊያው በየ1 ወይም በየ2 ቀኑ ሊቀየር ይችላል። ጉድጓዱ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ራሱን ይሸፍናል። በጎዝ ወይም በሻይ ከረጢት ሁለት ጊዜ፣ እያንዳንዱን 30 ደቂቃ፣ ነክሰው ያልቆመ ደም በዚያው ቀን መታየት አለበት። ከ3ኛው ቀን በኋላ እየጨመረ የሚሄድ እብጠት፣ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ አፍ አልከፈት ማለት ወይም ከንፈርና አገጭ እስካሁን መደንዘዝም እንዲሁ። ምራቅ መዋጥ ካስቸገረ፣ ከምላስ ሥር ወይም ከአገጭ በታች ካበጠ፣ መተንፈስ ከከበደ ግን ቀጠሮ የሚጠበቅበት አይደለም፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ወይም ለአጥንት መሳሳት ወይም ለካንሰር መርፌና ኪኒን የሚወስድ ሰው ከእነዚህ ምልክቶች ትንሹን ሲያይ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሁሉም በደህና ከሄደ ድዱ በ3 ወይም 4 ሳምንት ይገጥማል፤ ሥሩ ያለው አጥንት ግን ለመሙላት ወራት ይፈጅበታል፣ ስለዚህ ቦታው ጎድጎድ ብሎ ቢቆይ አይደንግጡ። የታችኛው መጨረሻ መንጋጋ ቦታ ከሌሎቹ ይልቅ ምግብ ይይዛል። ከ1 ሳምንት በኋላ የምግብ ቅሪት በመጉመጥመጥ ብቻ አልለቅ ካለ ሐኪሙን ጠይቀው ጫፉ ቆልመም ያለ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይውሰዱ፤ በለብ ያለ የጨው ውሃ ሞልተው ጫፉን ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሳያስገቡ ያስጠጉና በቀስታ ይግፉት፣ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ። በቀን አንዴ፣ ከእራት በኋላ፣ ጉድጓዱ እስኪሞላ ድረስ ይቀጥሉ። በዚህ ጊዜም ሲሪንጁ ውስጥ የሚገባው የጨው ውሃ ብቻ ነው፤ የጦስኙ ውሃ የቱንም ያህል ቢጣራ ደቃቅ ነገር ስለማይጠፋው ለመጉመጥመጥ ብቻ ይሁን።